ልምድ ለመቅሰም አይደለም

የታዳጊ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ከዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በወደቀ ቁጥር የምንሰማው ነገር አንድ ነው። አሠልጣኙ ልጆቹ ጥሩ ልምድ ቀስመዋል ይላል። የፌዴሬሽኑ ሰው ለነገ ስንቅ ይሆናቸዋል ይላል። ጋዜጠኛው ሁለቱንም አስፍሮ ወደ ወንዶቹ የዝውውር ዜና ያልፋል። ልጆቹ ትጥቃቸውን አስረክበው ወደየክለባቸውና ወደየወላጆቻቸው ቤት ይበተናሉ። ለምን ወደቅን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቅም የለም።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ከ20 ዓመት በታችም ሆነ ከ17 ዓመት በታች ስላለው የሴቶች የዓለም ዋንጫ በየአገሩ የሚነገረው ሁሉ በዚሁ እምነት ላይ የቆመ ነው። ውድድሩ ለዋናው ቡድን መዘጋጃ ነው ይባላል። ውጤቱ ትርፍ ነገር ነው፣ ቁም ነገሩ ከእነዚህ ልጆች መሀል ስንቶቹ ወደ ዋናው ቡድን አደጉ የሚለው ነው ይባላል። እምነቱ የአስተዋይ ሰው ይመስላል፤ ልጆቹ ላይ ጫና እንዳይበዛ የሚጨነቅ ሰው የሚናገረውም ይመስላል። እኔ ግን በሴቶች እግር ኳስ ላይ ከተጫኑት እምነቶች ሁሉ ይህን ያህል የጎዳ አላውቅም። ይህ ውድድር የዓለም ዋንጫ ነው። ከሚጫወቱት ልጆች አብዛኞቹ በሕይወታቸው ከዚህ የሚበልጥ መድረክ አያገኙም። ለብዙ አገሮችም ከኃያላኑ ጋር እኩል የሚቆሙበት ሜዳ ይኸው ብቻ ነው። እንደ ዓለም ዋንጫ ልንዘጋጅለት፣ እንደ ዓለም ዋንጫ ልንቆጭበት ይገባል።

«ለነገ» የሚለው ማጽናኛ የሚፈርሰው በዕድሜ ገደቡ ላይ ነው። በ2020 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከ20 ዓመት በታቹ ውድድር በኮስታሪካና በፓናማ፣ ከ17 ዓመት በታቹ ደግሞ በሕንድ ሊካሄድ ተወስኖ ነበር። ኮሮና መጣ። ውድድሮቹ መጀመሪያ ወደ 2021 ተገፉ፤ በኅዳር ወር 2020 ፊፋ ጨርሶ ሰረዛቸው። ኮስታሪካና ሕንድ የ2022ቱን እንዲያዘጋጁ ተሰጣቸው። ለአዘጋጆቹ ነገሩ መዘግየት ነበር፤ የተሠራው ሜዳ አልፈረሰም፣ የተያዘው ሆቴል አልጠፋም። ለልጆቹ ግን መቅረት ነበር። በ2000 እና በ2001 የተወለዱ ተጫዋቾች 2022 ሲደርስ ከዕድሜው ገደብ ወጥተው ነበር። የሕንድ ልጆች ደግሞ ስዊድናዊው ቶማስ ዴነርቢ ተቀጥሮላቸው፣ አገራቸው በታሪኳ አይታው ለማታውቀው ውድድር ሲዘጋጁ ከርመው፣ ጨዋታውን ከእነሱ የሚያንሱ ልጆች ሲጫወቱት አዩ። እነዚያም ቢሆኑ ለጥቂት ነው የተረፉት፤ ውድድሩ ሊከፈት ሁለት ወር ሲቀረው ፊፋ የሕንድን ፌዴሬሽን አግዶ ነበር፣ እገዳው የተነሣው ሁለት ሳምንት ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው።

ዋናው ቡድን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ተጫዋች ትጠብቃለች። ቶኪዮ ኦሎምፒክ አንድ ዓመት ዘግይቶ ተካሂዷል፤ የጠበቁት ሴቶች ተጫውተውበታል። ከ17 ዓመት በታች የሆነ ውድድር ግን አይጠበቅም። ልጅቷ ዕድሜዋ ሳያልፍ ካልተጫወተች መቼም አትጫወትም። ይህን እያወቁ «ቀጣዩ ላይ እናስተካክላለን» ማለት ቀጣዩን ለሌላ ልጅ መስጠት ነው፤ ለዛሬዋ ልጅ የተሰጣት መልስ የለም።

ሒሳቡንም ብንሠራው እውነቱ ይታያል። አንድ አገር ከ20 ዓመት በታች ለሆነው የዓለም ዋንጫ 21 ተጫዋች ያስመዘግባል። ዋናው ቡድን ከአንድ ትውልድ ሁለት፣ ሦስት፣ ቢበዛ አምስት ሰው ይወስዳል። የውድድሩ ትርጉም ማሳደግ ብቻ ከሆነ የቀሩት አሥራ ስድስቱ ለምን መጡ? የቀኝ ተከላካይዋ በሩብ ፍጻሜ የተጫወተችው ጨዋታ፣ ሦስተኛዋ ግብ ጠባቂ በተጠባባቂ ወንበር ላይ ሆና የዘፈነችው ብሔራዊ መዝሙር ዋጋ የለውም ማለት ነው? ከ20 ዓመት በኋላ ነርስ ወይም አስተማሪ የምትሆነዋ ልጅ ለአገሯ በዓለም ዋንጫ ተጫውታለች። ያ የተፈጸመ ነገር ነው፤ እንዲቆጠርላት ዋናው ቡድን ውስጥ መግባት አይጠበቅባትም።

ተመልካቹ ይህን ከመጀመሪያው ተረድቶታል። በ2002 የዛሬው ከ20 ዓመት በታች ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ካናዳ ውስጥ ሲካሄድ ዕድሜው ከ19 በታች፣ ቡድኖቹም 12 ብቻ ነበሩ። ለፍጻሜው በኤድመንተን ኮመንዌልዝ ስታዲየም 47,784 ሰው ገባ። ካናዳና አሜሪካ ያለ ግብ ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄዱ፤ ሊንዚ ታርፕሊ በወርቅ ግብ ለአሜሪካ ጨረሰችው። ውድድሩን እንደ መሸጋገሪያ ድልድይ የሚያዩ ሰዎች ከዚያ ቀን የሚጠቅሱት ክሪስቲን ሲንክሌርን ነው፤ በውድድሩ 10 ግብ አግብታ ኋላ ለካናዳ ዋና ቡድን 190 ግብ ያስቆጠረችውን። ትክክል ናቸው፣ ግን እኔ የምጠቅሰው መቀመጫውን የሞላውን ሕዝብ ነው። ያ ሁሉ ሰው ትኬት ቆርጦ የመጣው የዚያን ቀኑን ፍጻሜ ሊያይ፣ አገሩ ስትሸነፍም በዚያው ቀን ሊያዝን ነው።

አሁን ወደ ተቃራኒው ጠንካራ ክርክር ልምጣ፤ ሳልነካው ባልፍ በራሴ ክርክር አላምንም ማለት ይሆናል። እንዲህ ይላል፦ በታዳጊ ውድድር የሚያሸንፉት አገሮች በዋናው አያሸንፉም፤ ሰሜን ኮሪያ ከ20 ዓመት በታቹን ሦስት ጊዜ ወስዳለች፣ ናይጄሪያ ሁለት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሳለች፣ ጋና በየውድድሩ ትገኛለች፤ በትልቁ የዓለም ዋንጫ የት ደረሱ? ስለዚህ የታዳጊዎቹ ድል የሚያታልል ድል ነው።

እኔ ከዚሁ ማስረጃ የማወጣው ተቃራኒውን ነው። በ2014 ካናዳ ውስጥ አሲሳት ኦሾአላ በ7 ግብ ኮከብ ግብ አግቢም የውድድሩ ኮከብም ሆነች። ናይጄሪያ በፍጻሜው ጀርመንን እስከ ተጨማሪ ሰዓት አድርሳ 1 ለ 0 ተረታች። በዚያ ዕለት በሌጎስ ልጅና በጀርመን ልጅ መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ግብ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ጀርመን በሪዮ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደች። በዚያው በ2016 መጨረሻ የናይጄሪያ ሴቶች ካሜሩንን በገዛ ሜዳዋ አሸንፈው የአፍሪካን ዋንጫ ይዘው ተመለሱ፤ ከዚያም የሚገባቸውን አበል ስላላገኙ አቡጃ ውስጥ ሆቴላቸውን አንለቅም፣ ዋንጫውንም አናስረክብም ብለው ተቀመጡ። ወደ አገሪቱ ምክር ቤት ተሰልፈው ነው ድምፃቸው የተሰማው። የመጀመሪያቸውም አልነበረም፤ በ2004ም ደቡብ አፍሪካ ላይ ዋንጫውን ወስደው በአበል ምክንያት ሆቴል አንለቅም ብለው ነበር። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ልጆቹ ሃያ ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ እኩል ነበሩ። ከሃያ በኋላ አንዷን ሊግ፣ ሐኪም፣ ደመወዝና ውል ተቀበላት፤ ሌላዋን አበሉን የሚከለክል ፌዴሬሽን ተቀበላት። ኦሾአላ ራሷ በ2015 ወደ ሊቨርፑል፣ ኋላም ወደ አርሰናልና ባርሴሎና ሄዳ በ2021 የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን ስታነሣ ለአፍሪካዊት ሴት የመጀመሪያው ነበር። ተሰጥኦዋ የሚያታልል አልነበረም። ለሥራዋ የሚከፍል ቀጣሪ ስታገኝ ምን እንደምትሆን ታየ።

የሰሜን ኮሪያ ነገር የተለየ ነው፤ ሳልሸፋፍን እናገረዋለሁ። በመስከረም 2024 ቦጎታ ላይ ጃፓንን 1 ለ 0 አሸንፈው ዋንጫውን ሲያነሡ ሰባቱንም ጨዋታ አሸንፈው፣ 25 ግብ አስቆጥረው ነበር። የፍጻሜዋን ግብ ያገባችው ቾ ኢል ሶን ያኔ ገና 17 ዓመቷ ነበር፤ የወርቅ ኳሱንም የወርቅ ጫማውንም ወሰደች። ከወር ከምናምን በኋላ ከ17 ዓመት በታቹን ዋንጫ ደግሞ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ላይ በመለያ ምት ከስፔን ወሰዱ፤ በ2025ም ሞሮኮ ላይ ኔዘርላንድስን 3 ለ 0 አሸንፈው ደገሙት። ዋናው ቡድናቸው ግን ከ2011 ወዲህ የዓለም ዋንጫ አልተጫወተም። ምክንያቱ የታወቀ ነው። በ2011 አምስት ተጫዋቾች የተከለከለ አበረታች መድኃኒት ተገኘባቸው፤ ከ2015ቱ ታገዱ። ከ2019ኙ በግብ ልዩነት ደቡብ ኮሪያ አስቀረቻቸው። ከ2023ቱ ማጣሪያ በኮሮና ምክንያት ራሳቸው ወጡ። ከዚህ ውስጥ «ልጆቹ በኋላ አይሆኑም» የሚል የትኛው ነው? አንዱም። ያንን ዝግ ሥርዓት አላደንቅም፤ ልጆቹ በምን ሕይወት ውስጥ እንደሚያድጉ የሚያስጨንቀኝም ነገር ነው። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፦ እነዚህ ልጆች አብረው ያድጋሉ፣ አብረው ይሠለጥናሉ፣ ውድድሩ ሲመጣ የሚተዋወቁ አይደሉም።

ድልድዩ ሠርቷል ከተባለ የሚጠቀሰው ስፔን ነው። ሳልማ ፓራሉዌሎ በ2018 ከ17 ዓመት በታቹን፣ በ2022 ከ20 ዓመት በታቹን፣ በ2023 ዋናውን ወስዳለች፤ በሦስቱም ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ነች። ግን ይህን መንገድ ማን ዘረጋው? የባርሴሎና ክለብ ለሴቶቹ ቡድን ያወጣው ገንዘብ አለ። ሊጉ ፕሮፌሽናል እንዲሆን የታገሉ ተጫዋቾች አሉ። በመስከረም 2022 በዚህ አያያዝ አንጫወትም ብለው ለፌዴሬሽኑ የጻፉ 15 ሴቶች አሉ። ፌዴሬሽኑ ግን ዋንጫው በተነሣበት ቀን እንኳ በፕሬዚዳንቱ አስነዋሪ ድርጊት የተጫዋቾቹን ደስታ አበላሽቷል። ታዳጊዎቹ ስላሸነፉ ብቻ ዋናው ቡድን አላሸነፈም። በመካከል በትግል የተከፈለ ዋጋ አለ፤ የከፈሉት ደግሞ ሴቶቹ ናቸው።

ሌላው በየጊዜው የሚነሣው ነገር የግብ ብዛት ነው። በ2024 ከ20 ዓመት በታቹ ውድድር ከ16 ወደ 24 ቡድን ሲያድግ ደረጃው ይወርዳል ተባለ፤ ፊጂ በብራዚል 9 ለ 0 ስትሸነፍም ይኸው ተባለ። በ2022 ሕንድ በሜዳዋ በአሜሪካ 8 ለ 0፣ በብራዚል 5 ለ 0፣ በሞሮኮ 3 ለ 0 ስትረታም ተመሳሳይ ወሬ ነበር። ደካሞቹ መጀመሪያ ይጠንክሩ፣ ከዚያ ይምጡ ይላሉ። እግር ኳስን የሚያውቅ ሰው ይህን እንዴት እንደሚናገር ይገርመኛል። በ1954 ደቡብ ኮሪያ በወንዶች የዓለም ዋንጫ በሃንጋሪ 9 ለ 0፣ በቱርክ 7 ለ 0 ተሸንፋለች። በ2002 ግማሽ ፍጻሜ ገባች። በ1974 ዛየር በዩጎዝላቪያ 9 ለ 0 ስትሸነፍ በዓለም ሁሉ ተሳቀባት፤ ከሰሃራ በታች ላለችው አፍሪካ በሩን የከፈተችው ግን እሷ ነበረች። የወንዶቹን ዋንጫ ለአውሮፓና ለደቡብ አሜሪካ ብቻ እናድርገው ብሎ የጸና ሰው የለም። ሴት ልጅ ዘጠኝ ግብ ሲገባባት ብቻ ለምንድን ነው አትምጪ የምትባለው?

ዛምቢያን እንይ። በ2014 ዛምቢያ ከ17 ዓመት በታቹ የዓለም ዋንጫ ስትሄድ ባርብራ ባንዳ ገና 14 ዓመት እየሞላት ነበር። ተሰለፈች። ዛሬ በዓለም ከሚፈሩት አጥቂዎች አንዷ ነች። ዋናው ቡድን በ2023 ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫ ሲደርስ በጃፓን 5 ለ 0፣ በስፔን 5 ለ 0 ተሸነፈ፤ ከዚያ ኮስታሪካን 3 ለ 1 አሸነፈ። በዚያው ውድድር ሞሮኮ በመክፈቻ ጨዋታዋ በጀርመን 6 ለ 0 ተቀጣች። ምድቡ ሲጠናቀቅ ያለፈችው ሞሮኮ፣ ወደ ቤቷ የተመለሰችው ጀርመን ነበረች። ስድስት ግብ የገባበትን ቡድን ትናንት «ሳይደርስ የመጣ» ያሉት ሰዎች ያን ዕለት የት እንደገቡ አላውቅም።

ይህን ሁሉ የምለው ነገሩ ቤታችን ድረስ ስለሚመጣ ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች በየትኛውም ዕድሜ የፊፋ ዓለም ዋንጫ ተጫውተው አያውቁም። ግን ሩቅ አልነበሩም። ለ2022ቱ ኮስታሪካ ከ20 ዓመት በታች ቡድናችን ታንዛኒያን ጥሎ የመጨረሻው ዙር ደረሰ፤ ጋና አስቀረችው። ለ2024ቱ ኮሎምቢያ እንደገና የመጨረሻው ዙር ደረሰ፤ ሞሮኮ አስቀረችው። ሁለት ተከታታይ ጊዜ የዓለም ዋንጫ ደጃፍ ላይ የደረሰ ሌላ የኢትዮጵያ ቡድን ማን ነው? ስማቸውን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ?

ጎረቤቶቻችንን ተመልከቱ። ታንዛኒያ በዚያው በ2022 ከ17 ዓመት በታች ቡድኗን ወደ ሕንድ ላከች፤ ፈረንሳይን 2 ለ 1 አሸነፈች፣ ከካናዳ አቻ ወጣች፣ ሩብ ፍጻሜ ገባች። ኬንያ በ2024 በማጣሪያው እኛንም ጥላ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ደረሰች፤ በወንድም በሴትም፣ በየትኛውም ዕድሜ ለአገሪቱ የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ነበር፣ ሜክሲኮንም 2 ለ 1 አሸንፋበታለች። ዳሬሰላምና ናይሮቢ ከእኛ የራቀ ሀብት የላቸውም። ልጆቻቸውም ከእኛ ልጆች የተለየ እግር የላቸውም፤ በተለያየ ጊዜ ተሸናንፈናል።

«ልጆች ናቸው፣ ጫና አታብዙባቸው» ለሚለው ሰው የምመልሰው የማጣሪያውን አሠራር በማሳየት ነው። በአውሮፓ ከ19 ዓመት በታች ሴቶች የሚጣሩት አራት አራት ቡድን በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ሦስት ሦስት ጨዋታ እየተጫወተ፣ ይህንኑ ሁለት ዙር ደግሞ ነው፤ ከዋናው ውድድር በፊት ብቻ ስድስት ጨዋታ ማለት ነው። በአፍሪካ ከ17ም ከ20ም በታች ሴቶች ለዓለም ዋንጫ የሚያልፉበት፣ የራሱ ዋንጫና ምድብ ያለው የአህጉር ውድድር የለም። ያለው የደርሶ መልስ ማጣሪያ ብቻ ነው። በአንድ መጥፎ ከሰዓት ሁለት ግብ ከገባብሽ፣ ዕድሜሽ አለፈ። በሁለት ጨዋታ የዓመታት ድካም ይወሰናል። ከዚያ በፊት የወዳጅነት ጨዋታ ካልተገኘ ልጅቷ የውጭ ቡድን የምታየው በዚያው በሚወስነው ቀን ነው። ከዚህ የባሰ ጫና ምን አለ? ጫናውን የሚያቀልለው ውጤቱን መናቅ አይደለም፤ ጨዋታ ማብዛት ነው። ዓመቱን ሙሉ አሥርና አሥራ ሁለት ጨዋታ ያላት ልጅ አንዱን ብትሸነፍ ትተኛለች። በዓመት ሁለት ብቻ ያላት ግን አትተኛም።

የሚገርመው ለወንዶቹ ሲሆን ይህን ሁሉ እናውቃለን። በ2001 ከ20 ዓመት በታች ወንዶቻችን የአፍሪካ ዋንጫውን በአገራችን አዘጋጅተው አራተኛ ወጡ፤ አርጀንቲና ላይ ለዓለም ዋንጫ ተሰለፉ። ከኔዘርላንድስ፣ ከኮስታሪካና ከኢኳዶር ጋር ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፉ። ያ ቡድን እስከ ዛሬ ይወራለታል፤ መወራቱም ተገቢ ነው። ልምድ ቀስመው መጡ ብሎ የተዋቸው የለም። ዓለም ዋንጫ ተጫውተዋል ነው የሚባለው። ለሴቶቹ የምጠይቀው ይህንኑ ሚዛን ነው።

ገንዘብ የለም የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። የገንዘብ እጥረት እውነት ነው፤ ግን ቡድን ሳይበተን ማቆየት ትልቁ ወጪ አይደለም። የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ አለን። ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነሥታ በዚሁ ሊግ አድጋ ስዊድን፣ ማልታና አሜሪካ ተጫውታለች፤ በማልታ ከቢርኪርካራ ጋር ኮከብ ግብ አግቢ ሆናለች። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2024 የሴካፋን ዞን አሸንፎ በሞሮኮው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ተሰልፏል። ሎዛ በታዳጊነቷ የዓለም ዋንጫ አልተጫወተችም፤ ቡድናችን ስላልደረሰ። ደርሶ ቢሆን ኖሮ የውጭ ክለቦች ያዩዋት ስንት ዓመት ቀደም ብለው እንደነበር ማሰብ ያሳዝነኛል። ከሷ ኋላ ያሉት ሳይታዩ እንዳይቀሩ ግን ዛሬም ማድረግ ይቻላል።

ሞሮኮን እንደ ምሳሌ የምጠራው ስላሸነፈችን ብቻ አይደለም። ፌዴሬሽኑ በ2020 የሴቶቹን ሊግ ባለ ሁለት እርከን ፕሮፌሽናል ሊግ አደረገ፤ ክለቦቹ ደመወዝ መክፈል እንዲችሉም ደገፈ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ17 ዓመት በታች ቡድኗ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫ ገባ፣ ዋናውም ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። ታዳጊው ቡድን ዋናውን አልጠበቀም፤ ዋናውም ታዳጊውን አልጠበቀም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተሠሩ። እኛ ዘንድ ያለው «መጀመሪያ ሉሲዎቹ ይጠንክሩ» የሚል ተራ ማስጠበቅ ግን ሁለቱንም አላጠነከረም። ሉሲዎቹ፣ ዋናው የሴቶች ቡድናችን፣ በ2004 የአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ ወጥተው ነበር። ከ2012 ወዲህ ወደዚያ ውድድር እንኳ አልተመለሱም። የታዳጊዎቹን በጀት በመቆጠብ የተገነባ ዋና ቡድን ካለ የሚያሳየኝ ሰው እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ለፌዴሬሽኑ የምለው ይህ ነው፦ ከማጣሪያ ስትወድቁ ቡድኑን አትበትኑ። ከ17 ዓመት በታች የወጡትን ከ20 በታች ውስጥ አስገቡ፤ በየወሩ ለጥቂት ቀን እንኳ አሰባስቧቸው። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ ጋር በዓመት የተወሰነ ጨዋታ ይኑራቸው፤ ሩቅ አይደሉም፣ እነሱም ጨዋታ ይፈልጋሉ። የካፍ ስብሰባ ላይ ስትቀመጡ የሴት ታዳጊዎች የአፍሪካ ዋንጫ እንዲጀመር ጠይቁ፤ ይህን ለመጠየቅ ገንዘብ አያስፈልግም። ለስፖርት ጋዜጠኞች ደግሞ፦ ቡድኑ ሲሸነፍ ተቹት። አሰላለፉን፣ ዝግጅቱን፣ አሠልጣኙን ጠይቁ። ለወንዶቹ የምትቆጡትን ያህል ተቆጡ። የልጆቹን ስም ጻፉ፤ ግብ ያገባችውንም ያሳተችውንም። ልጆቹ ከርኅራኄ ይልቅ ይህን ይመርጣሉ።

ከ17 ዓመት በታቹ የሴቶች የዓለም ዋንጫ ከ2025 ጀምሮ እስከ 2029 በየዓመቱ ሞሮኮ ውስጥ ይካሄዳል፤ 24 ቡድን ይገባበታል። በመጨረሻው፣ በ2029ኙ፣ መጫወት የሚችሉት ከጥር 2012 ወዲህ የተወለዱ ልጆች ናቸው። እነዚህ ልጆች አሁን በሀዋሳ፣ በአዳማ፣ በድሬዳዋ፣ በባሕር ዳር፣ በዱራሜ ትምህርት ቤት ውስጥ አሉ። ዛሬ ይፈለጉ።